ተቀናቃኝን አንብቦ መሮጥ፦ ለ5,000 እና ለ10,000 ሜትር ሯጮችና ለአሠልጣኞቻቸው የተዘጋጀ የታክቲክ መመሪያ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ በገራዶ መንገድ ወይም በቦሩ ሜዳ ማልዶ የሚሮጥ ልጅ ሳንባውን በሳሳ አየር፣ እግሩን በዳገት እያጠነከረ ያድጋል። በዞንና በክልል ውድድሮች ላይ ግን ደጋግሜ ያየሁትና የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ልጆቻችን በ5,000 ሜትር አሥራ አንዱን ዙር ሲመሩ ቆይተው፣ የመጨረሻው ዙር ደወል ከተደወለ በኋላ ሁለትና ሦስት ሰው ያልፋቸዋል። ያሸነፋቸውን ሯጭ ስም ሁሉም ያውቃሉ፤ ሯጩ ከየት ላይ እንደሚፈተለክ፣ ምን እንደሚከብደውና ሲደክም ምን ምልክት እንደሚያሳይ ተጠይቆ የሚመልስ ግን እምብዛም አይገኝም።

ይህን መመሪያ ያዘጋጀሁት በመም (ዙሩ 400 ሜትር በሆነው የመሮጫ ሜዳ) ላይ 5,000 እና 10,000 ሜትር ለሚሮጡ ወጣቶችና ለአሠልጣኞቻቸው ሲሆን፣ ከውድድሩ ሦስት ሳምንት በፊት ጀምሮ እስከ ውድድሩ ዕለት ማታ ድረስ ተቀናቃኝን ለማጥናት፣ ዕቅድ ለማውጣትና ዕቅዱን በሥራ ላይ ለማዋል ምን መደረግ እንዳለበት በቅደም ተከተል ያስረዳል። ሥራው ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ይኸውም ሩጫው ከእኔ ይልቅ ለተቀናቃኜ የሚከብደው የት ላይ ነው የሚለው ነው።

አንደኛ፦ የራስን አጨራረስ ከድካም በኋላ መለካት

ብዙ ሯጭ «አጨራረሴ ጥሩ ነው» የሚለው አርፎ የሮጠውን 400 ሜትር አስቦ ነው። በውድድር ላይ የሚያስፈልገው ግን አሥራ አንድ ዙር ተኩል ከተሮጠ በኋላ እግር ውስጥ የሚቀረው ፍጥነት ስለሆነ፣ ከውድድሩ ሦስት ሳምንት በፊት ሁለት መለኪያ ያዙ። በመጀመሪያው ቀን በደንብ አሟሙቃችሁ አንድ 400 ሜትር በሙሉ ኃይላችሁ ሩጡና ሰዓቱን መዝግቡ። ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ 3,000 ሜትር በውድድር ፍጥነት ከሮጣችሁ በኋላ፣ ሳትቆሙ ተጨማሪ 400 ሜትር ያላችሁን ሁሉ ሰጥታችሁ ጨርሱ፤ አሠልጣኙም የመጨረሻዎቹን 400፣ 300 እና 200 ሜትሮች ለየብቻ ይመዝግብ።

የሁለቱ ቀናት ልዩነት ስለ ሯጩ ብዙ ይናገራል። አርፋ 62 ሰከንድ የምትሮጥ፣ ደክማ ግን በ74 የምትገባ ልጅና አርፋ 66፣ ደክማ በ70 የምትገባ ልጅ ከጠንካራ ሩጫ በኋላ ደወሉን ጎን ለጎን ቢሰሙ ሁለተኛዋ የተሻለ ዕድል አላት። ያው ሩጫ በዝግታ ሄዶ ሁለቱም ሳይደክሙ ደወሉ ቢደርስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ ሯጩ ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል ሳይታወቅ ወደ ዕቅድ መግባት ተገቢ አይደለም።

መለኪያውን የት እንደያዛችሁም አብራችሁ ጻፉ። ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳ የምትገኘው ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ ለሳንባ የሚደርሰው ኦክስጅን ከደሴው ይበልጣል፤ ሙቀቱም እንዲሁ ይበረታል። በመሆኑም ደሴ ላይ በዙር 82 ሰከንድ የሚሰጥ ጥረት ኮምቦልቻ በማለዳ ሲሆን የፈጠነ ሰዓት ሊሰጥ ይችላል፣ በቀትር ሲሆን ደግሞ ሙቀቱ ያንን ጥቅም መልሶ ሊወስደው ይችላል። ውድድሩ ኮምቦልቻ ከሆነ ቢያንስ አንዱን መለኪያ እዚያው፣ ውድድሩ በሚካሄድበት ሰዓት መያዝ ይበጃል።

ሁለተኛ፦ ለተቀናቃኙ ገጽ መክፈት

ለዚህ ሥራ አንድ ተራ ደብተር፣ እስክሪብቶና ዙር የሚመዘግብ ስልክ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ዋና ተቀናቃኝ አንድ ሙሉ ገጽ ስጡ፤ ከአራት ሰው በላይ ግን አትያዙ፤ ሃያውን ሯጭ አጠናለሁ ያለ ሰው አንዱንም በቅጡ ሳያውቅ ይቀራል። አሠልጣኙ ተቀናቃኙ የሚሮጥበትን ውድድር ከመጨረሻው ኩርባ አጠገብ ቆሞ፣ ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው ድረስ ዓይኑን ከእሱ ሳያነሳ መከታተል አለበት። የራስ ልጅ በሌለበት ውድድር ላይ ይህን ማድረግ ይቀላል፤ የራስ ልጅ ሲኖር ዓይን ወደ እሱ መሄዱ አይቀርምና።

ገጹ ላይ መስፈር ያለበት የየዙሩ ሰዓት፣ ሯጩ ከፊት መሮጥ ይወድ ወይም ከኋላ መከተል ይመርጥ እንደሆነ፣ በውስጠኛው መስመር ታጥሮ ሲሮጥ ይረበሽ እንደሆነ፣ ሌላ ሰው ዙሩን ሲያከር (ፍጥነቱን ሲጨምር) ወዲያውኑ ይከተል ወይም ቀስ ብሎ ይደርስ እንደሆነ፣ የመጨረሻ ጉዞውን የሚጀምረው ከስንት ሜትር ላይ እንደሆነና ሲደክም ሰውነቱ የሚያሳየው ምልክት ነው። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማል፤ በሩጫው መካከል ሯጩ ራሱ ሊያየው የሚችለው እሱን ነውና።

ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ገጠመኝ ላሳይ። የማሠለጥናቸውን ልጆች ሁለት ዓመት ሙሉ ስታሸንፍ የቆየች አንዲት ሯጭ ነበረች። በደብተሬ ላይ በስሟ ትይዩ የተጻፈው «ጠንካራ ናት፣ አጨራረስ አላት» የሚል ብቻ ስለነበር ምንም አልጠቀመኝም። አንድ ቀን ኮምቦልቻ ላይ ከኩርባው አጠገብ ቆሜ እሷን ብቻ በዓይኔ ተከተልኩ። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ክርኖቿ ወደ ጎኗ ተጠግተው እጆቿ በአንድ ልክ ይመላለሱ ነበር። ከፊቷ ያለችው ሯጭ ዙሩን ባከረረች ቁጥር ግን ግራ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይነሳል፤ ግራ እጇም ደረቷን አቋርጦ ይወረወራል። ፍጥነቱ ሲረጋጋ ትከሻዋ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከአራት ጊዜ በላይ ያንኑ አየሁ። ፍጥነቱ በአንድ ልክ እስከሄደ ድረስ፣ የቱንም ያህል ቢበረታ ትችለዋለች፤ የሚያሠቃያት የፍጥነት መለዋወጥ ነው። የእኛ ልጆች ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ያደረጉላት በአንድ ልክ እየመሩ እስከ ደወሉ ማድረስ ነበር።

ተቀናቃኝን የምታጠኑት በመልኩና በአሯሯጡ እንጂ በደረቱ ቁጥር መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሊምፒክ ማራቶን ላይ አበበ ቢቂላ እንዲጠነቀቀው የተነገረው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም 26 ቁጥር ለብሶ እንደሚሮጥ ነበር፤ ራዲ ግን የሮጠው 185 ቁጥር ለብሶ ነው። አበበ 26 ቁጥርን ወደ ፊት እየፈለገ፣ ተቀናቃኙ ከጎኑ እንደነበር ሳያውቅ ብዙ ኪሎ ሜትር ተጓዘ። ያዳነው ሌላ ዝግጅት ነው፤ መንገዱን ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር አስቀድሞ አይቶ የአክሱም ሐውልት የቆመበትን ቦታ ለመጨረሻ ጉዞው ምልክት አድርጎት ስለነበር፣ ከዚያ ላይ ተነጥሎ በመውጣት በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። ራዲ የደረሰው ከ25 ሰከንድ በኋላ ነበር።

ሦስተኛ፦ ዕቅድ መምረጥ

የራሳችሁን መለኪያና የተቀናቃኙን ገጽ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ተቀናቃኙ የተሻለ አጨራረስ ያለው ከሆነ፣ ሩጫውን በዝግታ እስከ ደወል ማድረስ ድሉን በእጅ አውጥቶ መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ የ5,000 ሜትር ፍጻሜ ላይ ቀነኒሳ በቀለ በዚያው ዓመት ያስመዘገበው የ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ ክብረ ወሰን በእጁ ነበር፤ ሞሮኳዊው ሂሻም ኤልጌሩዥ ደግሞ ከጥቂት ቀናት በፊት የ1,500 ሜትርን ወርቅ የወሰደ ሰው ነበር። ሩጫው በ13 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ የሚያልቅ ሆነና፣ ኤልጌሩዥ በ13 ደቂቃ ከ14.39 ሰከንድ፣ ቀነኒሳ በ13 ደቂቃ ከ14.59 ሰከንድ ገቡ። በእኔ ግምት ያ ውድድር የተወሰነው ቀነኒሳ በተቀደመበት በመጨረሻው ቀጥታ ላይ ሳይሆን፣ ዙሩ ሳይከር ባለፉት የመጀመሪያ ኪሎ ሜትሮች ላይ ነው። የ1,500 ሜትር ሯጭ ሳይደክም ደወል ከሰማ በኋላ የሚደረግለት ነገር ጥቂት ነው።

እናንተ የተሻለ አጨራረስ ካላችሁ ደግሞ ሥራችሁ መታገሥ ነው። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና 10,000 ሜትር ላይ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ስትመራ ከጀርባዋ ሳትለይ ዙር በዙር ተከትላ፣ ወደ ፊት የወጣችው በመጨረሻ ነው፤ በ31 ደቂቃ ከ06.02 ሰከንድ ስትገባም ከአምስት ሰከንድ በላይ ቀድማ ነበር። ይህ ዓይነቱ ሩጫ ቀላል ይመስላል እንጂ ብርቱ መንፈስ ይጠይቃል፤ ተመልካቹ «ምሪ!» እያለ ሲጮህና ከፊት ያለው ሯጭ ሆን ብሎ ፍጥነቱን ሲቀንስ እንኳ ከቦታ አለመነቃነቅ ያስፈልጋልና።

ሁለታችሁም እኩል ከሆናችሁ የሚለየው ቦታው ነው። ኬንያዊው ፖል ቴርጋት እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ 10,000 ሜትር አምስት ዙር ያህል ሲቀር ዙሩን አክርሮ ኃይሌ ገብረሥላሴን ለመነጠል ሞከረ፤ ኃይሌ ግን ተከትሎት በመጨረሻ በ0.83 ሰከንድ ቀደመው። ከአራት ዓመት በኋላ በሲድኒ ቴርጋት ያንን አልደገመም፤ 250 ሜትር ያህል እስኪቀር ድረስ ታግሦ ድንገት ተፈተለከ። ኃይሌ የያዘው በመጨረሻዎቹ እርምጃዎች ላይ ሲሆን ልዩነቱ 0.09 ሰከንድ ብቻ ነበር። ቴርጋት ሁለቱንም ጊዜ ቢሸነፍም፣ ዕቅዱን መለወጡ ከወርቁ በአንድ ደረት ልክ ብቻ እንዲርቅ አድርጎታል።

ዕቅዱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፎ ሯጩ በቃሉ ሊለው የሚችል መሆን ይኖርበታል። ለምሳሌ ያቺን ትከሻዋ የሚነሳ ሯጭ ለማሸነፍ ለልጄ ያዘጋጀሁት «ከስድስተኛው ዙር ጀምረሽ በየዙሩ አንድ ጊዜ አክርሪ፤ ትከሻዋ ሲነሳ አትርፊባት» የሚል ነበር። ከዚህ ሌላ አንድ መጠባበቂያ ይያዝ። ሦስተኛ ዕቅድ የያዘ ሯጭ በሩጫው መካከል ሲያማርጥ ይገኛል።

አራተኛ፦ ዕቅዱን በልምምድ ማለማመድ

በእግር ያልተለማመደ ዕቅድ በውድድር ቀን አይገኝም። ከውድድሩ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚከተለውን ሥሩ። 1,000 ሜትርን አምስት ወይም ስድስት ጊዜ፣ በመካከሉ ሁለት ደቂቃ ተኩል እያረፋችሁ ሩጡ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ የመጀመሪያውን 400 ሜትር በውድድር ፍጥነት፣ ቀጣዩን 300 ሜትር በዙር አራት ሰከንድ በሚያስቀድም ፍጥነት፣ የመጨረሻውን 300 ሜትር ደግሞ እንደገና በውድድር ፍጥነት አድርጉት። ከባዱ የመጨረሻው ክፍል ነው። ዙሩን ካከረረ በኋላ ተንፍሶ የሚዘገይ ሯጭ ያተረፈውን ሁሉ መልሶ ለተቀናቃኙ ያስረክበዋል፤ ስለዚህ አሠልጣኙ የሚመዘግበው የተፋጠነበትን ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያለውን 300 ሜትር ይሁን።

በሁለተኛው ልምምድ አሠልጣኙ ፊሽካ ይይዛል። ሯጮች በቡድን ሲሮጡ ፊሽካው ባልታወቀ ጊዜ ሲነፋ ከፊት ያለው ይፈተለካል፣ የቀሩት ይከተላሉ። እዚህ ላይ የሚማሩት መከተልን ነው፤ ክፍተቱን በአንድ ትንፋሽ ለመዝጋት የሚዘል ሯጭ ጉልበቱን በከንቱ ይጨርሳል፤ ሳይደናገጥ በ100 እና በ150 ሜትር ውስጥ ቀስ በቀስ የሚደርስ ግን ተረጋግቶ ይቀጥላል። መም ከሌለ ቦሩ ሜዳ ላይ በእርምጃ የተለካ ዙር ይበቃል። የመጨረሻው ከባድ ልምምድ ከውድድሩ አምስት ቀን በፊት ያልቅ።

አምስተኛ፦ በቡድን መሮጥ

ከአንድ ክለብ ሁለትና ሦስት ሯጭ ካለ ማን ለማን እንደሚሠራ ከውድድሩ በፊት በግልጽ መነጋገር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ 10,000 ሜትር ላይ ምሩጽ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ከፊት እየተፈራረቁ ፍጥነቱን ከፍና ዝቅ በማድረግ እነ ፊንላንዳዊውን ላሲ ቪረንን አደከሙ፤ ማርሽ ቀያሪው ምሩጽም 300 ሜትር ያህል ሲቀር ተፈትልኮ ወርቁን ሲወስድ መሐመድ ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ ወጡ። መፈራረቅ የተፈቀደ ነው፤ ተቀናቃኝን መግፋት፣ መንገዱን ሆን ብሎ መዝጋት፣ ዙር የተደረበበት ሯጭ ወይም ከመም ውጭ ያለ ሰው እንዲያሯሩጥ ማድረግ ግን ከውድድር ሊያሰርዝ ይችላል። ለጓደኛው እንዲሠራ የታዘዘ ልጅ ደግሞ በሚቀጥለው ውድድር የእሱ ተራ እንደሚሆን ሊነገረው፣ ቃሉም ሊጠበቅለት ይገባል። በዚህ ነገር ቅር የተሰኙ ጎበዝ ልጆች ሩጫውን ትተው ሲሄዱ አይቻለሁ።

ስድስተኛ፦ የውድድሩ ዕለት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርዱ ሯጮች የሐረጎ ጠመዝማዛ ሆዳቸውን ሊያውከው ስለሚችል ከተቻለ በዋዜማው ይውረዱ፤ ካልተቻለም ውድድሩ ሊጀመር ሦስት ሰዓት ሲቀረው ይድረሱ። ከደረሱ በኋላ ጥላ ሥር መቀመጥ፣ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ መጠጣትና በሙቀት ቀን ማሟሟቂያውን ከተለመደው ማሳጠር ያስፈልጋል። አሠልጣኙ መሙን አንድ ጊዜ በእግሩ ዞሮ ነፋሱ በየትኛው ቀጥታ ላይ ፊት ለፊት እንደሚመጣ፣ በአፈር መም ላይም ውስጠኛው መስመር የት ላይ እንደተቦረቦረ ለሯጩ ይንገረው። ነፋስ ከፊት በሚመጣበት ቀጥታ ላይ ከሌላ ሰው ጀርባ መሆን፣ ነፋሱ ከኋላ በሚሆንበት ላይ ማክረር ይሻላል።

ከተኩሱ በኋላ ያለው የመጀመሪያ 200 ሜትር የቦታ ጉዳይ ነው። ከመሪው ሁለትና ሦስት ሜትር ኋላ፣ በውስጠኛው መስመር ጠርዝ ላይ፣ ግን ወደ ውጭ መውጫ በሚገኝበት ቦታ መቀመጥን ዓላማ አድርጉ። አንድ መስመር ስፋቱ 1.22 ሜትር ስለሆነ፣ በዚያ ልክ ወደ ውጭ ወጥቶ አንድ ሙሉ ዙር የሚሮጥ ሰው 7.7 ሜትር ያህል ትርፍ ይሮጣል። በዙር 80 ሰከንድ ለምትሮጥ ልጅ ይህ አንድ ሰከንድ ተኩል ነው፤ አምስት ዙር እንዲህ ከሮጠች 38 ሜትር ያህል በነጻ ሰጥታለች። አንድን ሯጭ በኩርባ ላይ ከጎን ሆኖ ማጀብ የሚያዋጣ የሚመስለው ይህ ሒሳብ ካልታወቀ ብቻ ነው። ሒሳቡ ለመከላከልም ያገለግላል፤ ተቀናቃኝ ወደ ኩርባ ሲገባ ሊያልፋችሁ ቢሞክር በመስመራችሁ ላይ ጸንታችሁ ፍጥነታችሁን በትንሹ ጨምሩ፣ ትርፉን ርቀት እሱ ይሩጠው።

ሰባተኛ፦ በሩጫው መካከል ማንበብ

ከሦስተኛው ኪሎ ሜትር ጀምሮ ሯጩ በየዙሩ አንድ ጊዜ ሦስት ነገሮችን ይመርምር፦ የተቀናቃኙን ትንፋሽ በጆሮው፣ ትከሻውንና እጁን በዓይኑ፣ የራሱን እግር በስሜቱ። ወደ ኋላ ዞሮ ማየት እርምጃ ያበላሻል፤ ለሚከተለውም መድከምን ይነግረዋል። ፀሐይ ከኋላ በምትሆንበት ቀጥታ ላይ የተከታዩ ጥላ ከፊት ስለሚታይ እሱን መጠቀም ይቻላል፤ ከዚያ ውጭ ያለውን ርቀት አሠልጣኙ ከዳር ሆኖ በአጭር ቃል ይናገር።

አንድ ሯጭ ገና በመጀመሪያው ላይ ብቻውን ተነጥሎ ሲወጣ ምን ይደረግ? ደብተራችሁ ውስጥ ገጽ ያለው ሰው ካልሆነ አትከተሉት። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ላይ ዩጋንዳዊው ስቴፈን ኪሳ ብቻውን ወደ ፊት ቢገሰግስም የቀሩት ሯጮች በቡድናቸው ቆዩ፤ እሱ በኋላ ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። ሰለሞን ባረጋም የክብረ ወሰን ባለቤቱን ጆሹዋ ቼፕቴጌን በመጨረሻው ዙር ቀድሞ በ27 ደቂቃ ከ43.22 ሰከንድ አሸነፈ። እኔ ራሴ በወጣትነቴ ይህን ባለማወቄ አንድ ሯጭ ገና በሁለተኛው ዙር ሲወጣ ተከትዬው ሄድኩ፤ እሱ ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ ጫማውን አውልቆ ከሣሩ ላይ ተቀመጠ፣ እኔ ስምንተኛ ሆኜ ገባሁ።

ዕቅድ የሚለወጠው በዓይን በታየ ምልክት እንጂ በፍርሃት አይደለም። ዋናው ተቀናቃኝ ከወትሮው ቀድሞ ትከሻው ከተነሳ ያሰባችሁትን ጥቃት አስቀድሙት፤ የራሳችሁ እግር ከከበደ መጠባበቂያው ዕቅድ ላይ ግቡ። «ዛሬ ሁሉም የበረታ መሰለኝ» የሚለው ስሜት ብቻውን ምልክት አይደለም።

ስምንተኛ፦ የመጨረሻው ጉዞ

ከየት ላይ እንደምትነሱ በአንደኛው ክፍል የያዛችሁት መለኪያ ይነግራችኋል። ደክማችሁ የሮጣችሁት 400 ሜትር አርፋችሁ ከሮጣችሁት ብዙም ካልራቀ ከ600 እና ከ500 ሜትር ላይ ተነሱ፤ የፈጣን 200 ሜትር ሰው ከሆናችሁ የመጨረሻውን ኩርባ ጠብቁ። ስትወጡ በግማሽ ልብ አትውጡ። ቀስ ብሎ ጎን ለጎን የሚያልፍ ሯጭ ተቀናቃኙን ይዞት ይሄዳል፤ በቀጥታው ላይ በግልጽ የፍጥነት ልዩነት አልፎ ወዲያው ሁለት ሜትር የሚከፍት ግን ልቡንም ይቆርጠዋል። ሆኖም በመጀመሪያው ግፊት ሁሉንም አታውጡ፤ ለመጨረሻው 80 ሜትር አንድ ማርሽ ይቅር፤ ከጀርባ የሚመጣውን የሚመልሰው እሱ ነው። ከወጣችሁ በኋላ ዓይናችሁ ከመጨረሻው መስመር አሥር ሜትር አልፎ ያለ ነገር ላይ ይረፍ።

ደወሉ ሲደወል በሰው ተከባችሁ መውጫ ካጣችሁ በእጃችሁ አትግፉ። ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታችሁ ከጎን ያለው ሲያልፍ ወደ ውጭ ውጡ፤ የምታጡት ግማሽ ሰከንድ ብትደናገጡ ከምታጡት ያንሳል።

ዘጠነኛ፦ ማታውን መጻፍ

ውድድሩ ባለቀበት ማታ፣ እንቅልፍ ከመምጣቱ በፊት፣ አሠልጣኝና ሯጭ ተቀምጠው የየዙሩን ሰዓት ከዕቅዱ ጋር ያስተያዩ። ይህን ማሳደር ጉዳት አለው፤ በማግሥቱ ሰው የሚያስታውሰው ውጤቱን እንጂ ሩጫውን አይደለምና።

ያቺን ሯጭ ለማሸነፍ ያወጣሁት ዕቅድ በመጀመሪያው ሙከራ አልሠራም። የ17 ዓመቷ ልጄ ኮምቦልቻ ላይ ከስድስተኛው ዙር ጀምራ እንዳዘዝኳት በየዙሩ አከረረች፤ ከዳር ያለው ሕዝብ «አብሽሪ! አብሽሪ!» እያለ አጀባት፤ በመጨረሻው ቀጥታ ላይ ግን ተቀደመች። ማታ ደሴ ገብተን ደብተሩን ስንከፍት ስሕተቱ የእኔ ሆኖ ተገኘ። ልጅቷ ያከረረችው ባዘዝኳት መሠረት 100 ሜትር እየሆነ ነበር፤ የተቀናቃኟ ትከሻ ግን ከተነሳ በኋላ ለመውረድ 150 ሜትር ያህል ብቻ ይፈጅበት ስለነበር፣ ቀሪው ዙር ለእሷ ማረፊያ ሆኖላታል። «አሠልጣኝ፣ እኔኮ ልትቀር ስትል ተውኳት» አለችኝ ልጄ። ከሰዓቱ ይልቅ ይህ ቃሏ አስተማረኝ።

በገጹ ላይ 100 የሚለውን ሰርዤ 300 ብዬ ጻፍኩ። ለአምስት ሳምንት ከላይ የገለጽኩትን የ1,000 ሜትር ልምምድ ሠራን። በሚቀጥለው ውድድር ልጄ ማክረር የጀመረችው ከሰባተኛው ዙር ሲሆን በእያንዳንዱ ጊዜ 300 ሜትር ሄደች፤ በሦስተኛው ላይ የተቀናቃኟ ትከሻ ተነስቶ ሳይወርድ ቀረ፣ 700 ሜትር ሲቀርም በመካከላቸው አምስት ሜትር ተከፈተ። ያን ዕለት ማታ የድሮውን ገጽ ዘግተን ለዚያችው ሯጭ አዲስ ገጽ ከፈትንላት። በመጀመሪያው መስመር ላይ የጻፍነው ከእንግዲህ እሷም አሠልጣኟም ስለ ትከሻዋ እንደሚያውቁና የፍጥነት መለዋወጥን መለማመድ እንደሚጀምሩ ነው፤ ከሥሩ ያለው ቦታ ቀጣይ ውድድሯን ከኩርባው አጠገብ ቆሜ እስክመለከት ድረስ ባዶ ቆየ።